ግንቡን የጣለው ሰይድ

ባለፈው ቅዳሜ ልጄ ማህሌት በፖስታ የመጣላትን ካርቶን ሳሎን ውስጥ ስትከፍተው አንድ ሽታ አፍንጫዬን መታኝ። ቀለም ያልነካው እንጨት ሽታ ነው፤ ገና ከመጋዝ ስር የወጣ የሚመስል፣ ትንሽ ጣፈጥ የሚል። ኩሽና ሆኜ ሽንኩርት እየከተፍኩ ነበር፣ የሽንኩርቱን ሽታ አልፎ መጣ። እኔ ደግሞ ከካርቶን የሚወጣ ነገር ቶሎ አይዋጥልኝም። "ምንድነው እሱ?" አልኳት ቢላዬን እንደያዝኩ። "ጌም ነው ማሚ።" "የምን ጌም?" "የሚያስፈራ።" ብቅ ብዬ ሳይ ጠረጴዛው ላይ ትንንሽ የእንጨት ቁራጮች ሦስት ሦስት እያደረገች ትደረድራለች፤ አጠገቡ በየጎናቸው ቁጥር የተጻፈባቸው ባለ ብዙ ጎን ዳይሶችና ሁለት ወፍራም መጻሕፍት ተቀምጠዋል። ከጓደኞቿ ጋር ሆነው የትኛው የአጨዋወት ደንብ ይበልጥ እንደሚያስፈራ ሳያዳሉ ሊያወዳድሩ ነው። ሽንኩርቱን ትቼ ሶፋው ላይ ቁጭ አልኩ። ይህንን ውድድር ልጄ ከመወለዷ በፊት አውቀዋለሁ። በሱ ምክንያት አንድ ሰው ላይ የፈረድኩት ፍርድ አለ፤ ትክክል ነበርኩ እያልኩ ከሃያ ዓመት በላይ ይዤው ኖሬያለሁ።

ስለ ጠባዬ አስቀድሜ ልናገር። እናቴ "ያልጠረጠረ ተመነጠረ" እያለች ነው ያሳደገችን፣ እኔ ምክሯን ከሚገባው በላይ ሰማሁ። ሥጋ ቤት ስሄድ የማየው ሚዛኑን ነው። ደውሎ ሦስት ጊዜ "ደህና ነሽ ወይ?" የሚለኝን ሰው "ምን ፈልገህ ነው?" እለዋለሁ። ስልኬ ዛሬ ዝናብ የለም ካለኝ ጃንጥላ ይዤ እወጣለሁ። ማህሌት "ማሚ፣ ዩ ትረስት ኖባዲ" ትለኛለች፤ "አንቺን አምናለሁ" እላትና ስትወጣ በመስኮት አያታለሁ። ሬይኖልድስበርግ ከገባን ወዲህ ቤታችን ፊት ለፊት ሁለት ጊዜ የቆመ መኪና ሁሉ ታርጋው ጭንቅላቴ ውስጥ አለ። ይህ ጠባዬ ከብዙ ነገር አድኖኛል ብዬ አምናለሁ። ከምን ከምን እንዳዳነኝ አንድ በአንድ ተናገሪ ብባል ግን ብዙ የምለው አላገኝም።

ያኔ የምኖረው እዚሁ ኦሃዮ ውስጥ ዋይትሆል ነበር፤ ከሃሚልተን ሮድ ገባ ብሎ ባለ አሮጌ አፓርትመንት፣ ምድር ቤቱ ላይ። ከኤርፖርቱ የሚነሳው አውሮፕላን ዝቅ ብሎ ሲያልፍ ቁም ሳጥኑ ውስጥ ብርጭቆው ይንጫጫል። ምንጣፉ ምን ዓይነት ቀለም እንደነበረው አከራዩም የሚያውቅ አይመስለኝም። ወደ ሀገር ቤት የምንደውለው በአምስት ዶላር ካርድ ነው፤ ጀርባውን በሳንቲም ፍቀን ቁጥሩን እናወጣለን፣ የካርዱ ሴትዮ "ሠላሳ ሁለት ደቂቃ አለዎት" ትለናለች፣ አሥራ ዘጠነኛው ደቂቃ ላይ ይቋረጣል። ያቺን ሴትዮ እስከ ዛሬ አላምናትም። ነዳጅ እንደ ውሃ ነበር ብል ያጋነንኩ ይመስላል፤ ግን ቅዳሜ ቅዳሜ መኪና ያለው ሰው የሌለውን እየለቀመ ያለ ምክንያት ብሮድ ስትሪትን ከዳር እስከ ዳር ይነዳ ነበር። ወንዶቹ ሁለት ሰው የሚያስገባ ጂንስ ይለብሳሉ። እኔ ከሰልባጅ መደብር የገዛሁት ወይን ጠጅ የክረምት ጃኬት ነበረኝ፣ እጅጌው ጣቶቼን ውጦ የሚያስቀር፤ በሱ ውስጥ ሆኜ ኦሃዮን ሦስት ክረምት ተሻገርኩ። ከሰው ሠርግ ላይ የተቀዳ አንድ ካሴት ነበረን፣ ከዘፋኙ ይልቅ ከኋላ የሚያለቅስ ሕፃን ጎልቶ የሚሰማበት። እስኪያልቅ እንሰማዋለን፣ አገላብጠን ደግሞ እንሰማዋለን። ማዕዘኑ ላይ የነበረው ዶናት ቤት አሁን የስልክ መጠገኛ ሆኗል፤ ባለፍኩ ቁጥር የስኳሩ ሽታ ይመጣብኛል።

ሥራዬ ልብስ በሚታሸግበት መጋዘን ነበር። እዚያ ዳርሊን የምትባል የዋይትሆል ተወላጅ አሜሪካዊት አብራኝ ትሠራለች፤ ረጅም፣ ጣቷ ላይ የራስ ቅል ቀለበት ያላት፣ ስሜን ውድነሽ ማለት አቅቷት "ዌንዲ" የምትለኝ። በምሳ ሰዓት ሽፋኑ ላይ ሰው የማይመስል ፍጡር ያለበት ወፍራም መጽሐፍ ታነባለች። ባዕድ አምልኮ ነው ብዬ ለሁለት ሳምንት ከሷ ራቅ ብዬ በላሁ። በመጨረሻ ብርቱካን ይዤ ሄጄ ጠየቅኳት። ሳቀች። "ጌም ነው" አለች። "ጠረጴዛ ዙሪያ ትቀመጣላችሁ። እኔ ታሪኩን እመራለሁ፣ እናንተ ታሪኩ ውስጥ ያሉትን ሰዎች ትሆናላችሁ። በሩን ትከፍቺያለሽ ወይስ ትሸሺያለሽ? እሱን አንቺ ትወስኛለሽ። የሚሳካልሽ መሆኑን ግን ደንቡ ይወስናል።" አጠገባችን ካርቶን የሚደረድረው ሰይድ ይህን ሰምቶ "እኔም አለሁበት" አለ። ሰይድ የኮምቦልቻ ልጅ ነው፤ ያኔ ሃያ ሦስት ዓመቱ፣ ጨዋታ አዋቂ፣ እኔን በስድስት ዓመት ስለምበልጠው ብቻ "እትዬ" የሚለኝ። አራተኛው ከላዬ የሚኖሩት ጋሽ መኮንን ሆኑ፤ አዲስ አበባ የሂሳብ መምህር የነበሩ፣ እዚህ የኤርፖርት መኪና ማቆሚያ ላይ ትኬት የሚቆርጡ፣ ሃምሳን ያለፉ ጨዋ ሰው። ስንነግራቸው "ልጆች፣ እኛ ለመፍራት ደንብ ያስፈልገናል እንዴ?" አሉ። ቅዳሜ ግን ከሁሉም ቀድመው መጥተው በሬን አንኳኩ።

ጭቅጭቁ የተነሳው ደንቡ ሁለት ስለነበረ ነው። ሰይድ ከአሮጌ መጽሐፍ ቤት ያመጣው የዳይስ ደንብ ነበር። በሱ እያንዳንዱ ሰው ወረቀት ላይ ቁጥር አለው፤ መሮጥ አርባ፣ መደበቅ ስልሳ፣ ከመቶ። ዳይስ ትጥላለህ፣ ከቁጥርህ ካላለፈ ተሳካልህ። ለአእምሮህም ቁጥር አለው፤ የሚያስደነግጥ ነገር ባየህ ቁጥር እየቀነሰ ይሄዳል፣ ዜሮ ሲገባ ታብዳለህ። የዳርሊን ደንብ ደግሞ ቁጥር የሚባል አያውቅም። ያለው ከእንጨት ቁራጭ የተደረደረ ግንብ ብቻ ነው። አደገኛ ነገር ላድርግ ስትል ከግንቡ አንድ እንጨት ስበህ አውጥተህ አናቱ ላይ ታስቀምጣለህ፤ ግንቡ ከወደቀ፣ የጣለው ሰው ታሪኩ ውስጥ ይሞታል። ሰይድ "ዳይሱ ይሻላል፣ ዕድልህን ቁጭ ብለህ ታየዋለህ" ይላል። ዳርሊን ደግሞ ግንቡ ይሻላል ብላ ትሟገታለች። እኔ ሁለቱንም ጠረጠርኩ። የሰይድን ዳይስ አንዱ ወገን ይከብድ እንደሆነ ለማየት ጨው በበዛበት ውሃ ውስጥ አንሳፈፍኩት፤ ለግንቡ ደግሞ የጠረጴዛውን እግር ስር ስሩን ሄጄ ፈተሽኩ።

ጋሽ መኮንን መምህርነታቸው ተነሳባቸው። "ሁለት ነገር ስታወዳድሩ አንዱን ብቻ ለውጡ፣ የቀረው ሁሉ ባለበት ይቁም" አሉን። ስለዚህ ታሪኩ አንድ ዓይነት፣ መሪዋ ያቺው ዳርሊን፣ ተጫዋቾቹ እኛው ሦስታችን፣ ወንበራችን ያው፣ ሰዓቱ ቅዳሜ ከምሳ በኋላ። ስድስት ቅዳሜ፤ ሦስቱ በዳይስ፣ ሦስቱ በግንብ፣ እየተፈራረቀ። ስንጨርስ ማንም ከማንም ሳይነጋገር ከአሥር ስንት እንደፈራ በወረቀት ጽፎ አጥፎ የሳቸው ቆብ ውስጥ ይከታል። "አንዱ ደፍሮ ካወራ ሌላው የሱን ፍርሃት ይዋሳል" ይሉ ነበር። ማን እንደሞተ፣ መጽሐፉ ስንት ጊዜ እንደተገለጠ፣ ታሪኩ የት ላይ እንደተንቀራፈፈ የሚመዘገብበት ደብተር ለኔ ተሰጠኝ። ማንንም ስለማላምን ነው የመረጡኝ፣ እኔም ኮራሁ።

ታሪኩን ያመጣው ሰይድ ነው፤ አያቱ ከነገሩት ነገር ተነስቶ ከዳርሊን ጋር አሰናዳው። ድሮ በገጠር አንድ ክፉ ሥራ ተሠርቶ የሠራው ሲጠፋ፣ የአካባቢው ሰው በሙሉ አንድ ቦታ ተሰብስቦ ጥፋተኛው እስኪወጣ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም ነበር፤ አውጫጭኝ ይሉታል። የኛ ታሪክ እዚያ ይጀምራል። መንደሩ በእሾህ አጥር ውስጥ ተቀምጧል። ከተቀመጡት አንዱ ከሦስት ቀን በፊት የሞተ ሰው ነው፤ ማን እንደሆነ ዳርሊን በየቅዳሜው ትቀያይራለች፤ እንደማንኛውም ሰው ያወራል፣ ይስቃል፣ ልጅ ያቅፋል። እሱን ለመለየት ያለው መንገድ አንድ ነው፤ የጠረጠርከው ሰው ዘንድ ተነስተህ ሄደህ ጆሮህን ደረቱ ላይ ማድረግ። ልቡ ይመታ እንደሆነ መስማት። እንዲህ ያለ ታሪክ ለኔ የተፈጠረ ነበር። ከታሪኩ ሰዎች ያልጠረጠርኩት አልነበረም፤ አንድ ቅዳሜ ታሪኩ ውስጥ ያለውን የገዛ ባሌን ደረት ሦስት ጊዜ አዳምጬ ዳርሊን በሳቅ መቀጠል አቃታት።

እውነቱን ለመናገር ሁለቱም ደንብ ጥሩ ነበር፣ ፍርሃታቸው ግን አንድ አይደለም። በዳይሱ የምትፈራው ወረቀትህን ስታይ ነው። አእምሮህ ከስልሳ ወደ ሃምሳ፣ ከሃምሳ ወደ ሠላሳ ሲወርድ እያየህ የራስህን መጨረሻ ቀስ ብለህ ታውቀዋለህ፤ ዳይሱ ሲንከባለል አንዴ ትንፋሽህን ትይዛለህ፣ ከዚያ ይለቅሃል። ችግሩ በመሀል መጽሐፍ መግለጥ ነው። ዳርሊን ገጽ ስትፈልግ ሰይድ ጨው ያለበት ለውዝ ያነሳል፣ ፍርሃቱም አብሮ ይበላል። ግንቡ መጽሐፍ አያስገልጥም። ግንቡ ላይ ማንም አያወራም፣ የማቀዝቀዣው ድምፅ ሁሉ ይሰማል፤ አውሮፕላን ካለፈማ አራታችንም እጃችንን ዙሪያውን እንዘረጋለን። ግን ስለ ታሪኩ ሳይሆን ስለ እንጨቱ ነው የምትፈራው፤ ጋሽ መኮንን አንድ ቀን "እኔ የፈራሁት ሙቱን ነው ወይስ ጠረጴዛውን?" ብለው የጻፉትን ወረቀት እስካሁን አልረሳሁትም። ማህሌትና ጓደኞቿም ዛሬ በስልካቸው የሚጻጻፉት ይህንኑ ነው።

ስድስተኛው ቅዳሜ ሲያልቅ ደብተሩን ገለጥኩ። በዳይስ አንድ ጊዜ እኔ ሞቻለሁ፣ አንድ ጊዜ ጋሽ መኮንን፣ አንድ ጊዜ ማንም አልሞተም። በግንብ ሰይድ፣ ሰይድ፣ ሰይድ። ደሜ ፈላ። ሁልጊዜ አንድ ሰው? ለዚያውም የዳይሱ ደጋፊ?

"ሰይድ፣ እያወቅክ ነው የምትጥለው" አልኩት።

ሳቀ። "ኧረ እትዬ ውድነሽ፣ ሞቼ ምን ላተርፍ?"

"ግንቡ የማይረባ እንዲመስል። ዳይስህ እንዲያሸንፍ።"

ሳቁ ቆመ። "ወላሂ..."

"አትማል! መጋዘን ውስጥ ቀኑን ሙሉ ካርቶን እስከ ጣሪያ ስትደረድር አንድም አይወድቅብህም። እዚህ ሦስት ጊዜ?"

"ተይ ውድነሽ" አሉ ጋሽ መኮንን፣ ቀስ ብለው። ዳርሊን አማርኛ ስለማትችል አንዴ እኔን አንዴ እሱን ታያለች። ሰይድ ወደ ጋሽ መኮንን ዞሮ አያቸው፣ አፉን ከፈተ፣ መልሶ ዘጋው። እኔ ያችን ዝምታ እንደ እምነት ቃል ወሰድኳት። ተነሳ፣ ጃኬቱን ለበሰ፣ "ደህና ዋሉ ጋሼ" ብሎ እኔን ሳያይ ወጣ። ከዚያ በኋላ ቅዳሜያችን ቀረ። በወሩ ወደ ሌላ መጋዘን ተዛወረ።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ በጨዋታ የመጣ ኩርፊያ ብዬ እረሳው ነበር። ሰይድ በዚያ ሰሞን ራህማ የምትባል ልጅ ሊያገባ ሽማግሌ ልኮ ነበር፤ ኤርፖርቱ ውስጥ ሳንድዊች የምትሸጥ ፈገግተኛ ልጅ። ሲያወራላት ሰምቻለሁ፣ ስሟን ሲጠራ ድምፁ ይቀጥናል። አክስቷ እትዬ ዘይነባ ሰይድ ከሄደ በኋላ እኛ መጋዘን ተቀጥራ ከኔ ጋር ትሠራ ነበር። ሰው ልጁን ሲድር መጠየቅ ወግ ነውና አንድ ቀን መጸዳጃ ቤት መስተዋት ፊት "ውድነሽ፣ ያን ሰይድ የሚሉትን ታውቂዋለሽ አሉ። እንዴት ያለ ሰው ነው?" አለችኝ። ፀጉሬን እያስተካከልኩ ነበር፣ እጄን እንኳ አላወረድኩም። "እኔ እንጃ፣ በጨዋታ እንኳ የሚያጭበረብር ሰው በቁም ነገር ምን ይታመናል?" አልኳት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ሽማግሎቹ "ልጅቷ ገና ናት" ተብለው ተመለሱ። ራህማን በዓመቱ ሚኒሶታ ላለ ሰው ዳሯት። ሰይድ ማን እንደተናገረበት ሳያውቅ ቀረ። እኔም ለማንም አልተነፈስኩም፤ ለባለቤቴ እንኳ። ማታ ማታ ልቤን ሲከነክነኝ ደብተሩን አስታውሳለሁ፤ ሰይድ፣ ሰይድ፣ ሰይድ ይላል። የተጻፈ ነገር ነው፣ እኔ አልፈጠርኩትም እያልኩ እጽናናለሁ። ጋሽ መኮንን ከጥቂት ዓመት በኋላ ታመው ዐረፉ። ዳርሊን ወደ ደቡብ ሄደች ይባላል።

ወደ ባለፈው ቅዳሜ ልመለስ። የማህሌት አንዷ ጓደኛ ሥራ ገብታ ቀረች። "ማሚ፣ ካም ሲት፣ ሦስት ሰው ያስፈልገናል" አለችኝ ልጄ። ለምን እኔን እንደፈለገችኝ ጠየቅኳት፤ ሌላ ሰው ስላጣች እንደሆነ በግልጽ ነገረችኝ፣ ስለዚህ አመንኳትና ተቀመጥኩ። መሪዋ እሷ ናት። ተጫዋቾቹ እኔ፣ ናታን የሚባል የትምህርት ቤት ጓደኛዋና ሄራን የምትባል የጎረቤት ልጅ ነን፤ ሄራን ገና አሥራ ሰባቷ ነው። የዕለቱ ተራ የግንብ ነበር። ታሪኩ ሰው የጠፋበት አሮጌ ሆስፒታል ውስጥ ነው። "በሩን ማን ይከፍታል?" አለች ማህሌት። ናታን ወደኔ እጁን ዘርግቶ "እትዬ ይቅደሙ" አለኝ፤ አሜሪካ ተወልዶ ይህችን ወግ አልረሳትም። ደስ አለኝ። ግንቡ ጽኑ ነው፣ እንጨቴን በቀላሉ መዝዤ አናቱ ላይ አስቀመጥኩ። ከኔ ቀጥሎ ናታን፣ ከዚያ ሄራን።

ግንቡ ወዲያ ወዲህ ማለት ሲጀምር ተራዬ ደረሰ። እጄን ዘረጋሁ፣ መልሼ ሰበሰብኩት። "ነይ እስቲ ሄራንዬ፣ አንቺ እጅሽ ቀጭን ነው፣ የኔን አውጪልኝ" አልኳት። ከወንበሯ ብድግ አለች። ውሃ አምጪ የተባለች ያህል ነው፤ ለምን አላለችም። አወጣችልኝ። በሚቀጥለው ተራዬም "በይ እናቴ" አልኳት፣ አወጣችልኝ። ናታንም በኔ አይቶ "ሄራን፣ ዱ ማይን ቱ" አላት። ከዚያ የራሷ ተራ መጣና ገና ስትነካው ግንቡ ተደርምሶ እንጨቱ እስከ ቴሌቪዥኑ ስር ተበተነ።

"ሄራን ሞተች" አልኩ እየሳቅኩ። "ባለፈው ሳምንት በናታን ግንብ ስትጫወቱም የሞተችው እሷ ናት አላችሁ አይደል? ይቺ ልጅ ነገር አላት።"

ማህሌት አልሳቀችም። ስልኳን አስቀምጣ አየችኝ። "ማሚ፣ ዛት ኢዝንት ፌር። ቀላል ሲሆን አንቺ ትቀድሚያለሽ፣ ከባድ ሲሆን ሄራን ታወጣልሻለች። ባለፈው ናታን ነው እንደዚህ ያደረጋት። የገደላት ጌሙ አይደለም፣ እናንተ ናችሁ። ይሄ አይቆጠርም።"

የራሴን ድምፅ መልሼ ሰማሁት፤ ያኔም ድምፁ ይኸው ነበር። "ሰይድ፣ ተነስ እስቲ የኔን አውጣልኝ።" "ለጋሽ መኮንንም አውጣላቸው፣ እጃቸው ይንቀጠቀጣል።" ግንቡ ጽኑ ሳለ "ኧረ ጋሼ ይቅደሙ"፣ "ኧረ በእግዚአብሔር"፣ ከዚያ እኔ፣ ከዚያ እሱ። መንገዳገድ ሲጀምር ትንሹ እሱ ነውና እሱ ይላካል፤ የሳቸውንም የኔንም የራሱንም እሱ ይስባል። ዳይስ ላይ እንዲህ አይደረግም፣ ዳይስን ሁሉም ለራሱ ነው የሚጥለው። ጋሽ መኮንን አንዱን ብቻ ለውጡ ብለውን ታሪኩን፣ ወንበሩን፣ ሰዓቱን ሁሉ ስናስተካክል ማን ለማን እንደሚታዘዝ አላየነውም። ማን ያየዋል? ደብተሩ ላይ የጻፍኩት ማን እንደጣለ እንጂ ለማን ሲያወጣ እንደኖረ አልነበረም። ተነስቼ መኝታ ቤት ገብቼ በሩን ዘግቼ አለቀስኩ። ማህሌት በጌም ተናድጄ መስሏት ከበሩ ውጭ "ሶሪ ማሚ" ትላለች።

ሰኞ ዕለት ከሥራ ፈቃድ ጠይቄ ኖርዝላንድ ሄድኩ። ሰይድ ሞርስ ሮድ ላይ ትንሽ ግሮሰሪ እንዳለው ሁሉም ሰው ያውቃል፤ እኔ ብቻ ነኝ በሩን ረግጬ የማላውቅ። ፀጉሩ ሸሽቷል፣ ሆድ አውጥቷል። አርባ ካለፈው በኋላ እንዳገባ ሰምቻለሁ። ሲያየኝ፣ ሚዛን እንደማላምን ያውቃልና፣ ሚዛኑን ወደኔ አዞረልኝ፤ እንዲያ ብሎ ነው የሰደበኝ።

"እትዬ ውድነሽ። ማን ሞተ?"

"ማንም አልሞተም።"

"ታዲያ ማን ላከሽ?"

ይህን ጥያቄ ከኔ በቀር ሲጠይቅ የሰማሁት ሰው የለም፤ እኔ ነኝ ያስተማርኩት ብዬ አዘንኩ። የመጣሁበትን ነገርኩት። ሄራንን፣ ግንቡን፣ የገዛ ድምፄን። አላቋረጠኝም። ስጨርስ ራሱን ነቀነቀ፣ ከዚያ ሳቀ፣ የድሮው ሳቅ ነው።

"አሁን ነው የገባሽ?"

"አንተ ታውቅ ነበር?"

"እንጨቱን የምስበው እኔ፣ እንዴት አላውቅም!"

"ታዲያ ያኔ ለምን አልተናገርክም?"

"ምን ልበል እትዬ? ጋሽ መኮንን ተቀምጠው፣ 'የርስዎን እያወጣሁ ነው የሞትኩት' ልበላቸው? ነውር አይደለም እንዴ?" እጁን አወዛወዘ። "ተይው፣ እሱን ድሮ ይቅር ብዬሻለሁ። በጨዋታ ነው፣ ፊት ለፊት ነው የተናገርሽኝ።" የቅመም ዕቃዎቹን ሳያስፈልግ አስተካከለ። "እኔን የበላኝ ሌላ ነው። የራህማ ቤተሰቦች ለሽማግሎቹ 'ገና ናት' ቢሉም፣ 'አጭበርባሪ ነው ተባልን' ብለው እንደመለሱኝ ኋላ ሰማሁ። ያን ቃል ያወጣው እዚያ ክፍል የነበረ ሰው ነው ብዬ አሰብኩ። ዳርሊን አማርኛ አትሰማም። አንቺ ደግሞ ፊት ለፊት የምትናገሪ ሰው ነሽ፣ ከጀርባ አትሄጂም ብዬ ከጥርጣሬ አወጣሁሽ። የቀሩት ጋሽ መኮንን ናቸው። እንደ አባት የማያቸው ሰው! ሲታመሙ አልጠየቅኳቸውም። ሰው ልከው ነበር፣ አልሄድኩም። የወሎ ልጅ ሆኜ፣ እስላም ክርስቲያን ሳይባል አብሮ በሚቀብር ሀገር አድጌ፣ ከቀብራቸው ቀረሁ።"

ዝም ብዬ እንጀራ ገዝቼ መውጣት እችል ነበር፤ ይቅርታውን አግኝቻለሁ፣ ማንም አይጠረጥረኝም። ጋሽ መኮንን ደግሞ መልስ አይሰጡም። "ተይ ውድነሽ" ያሉኝ ድምፅ መጣብኝ፤ ከዚያ ቀንም በኋላ እስኪሞቱ ድረስ ደረጃ ላይ ባገኙኝ ቁጥር "ያን ልጅ ደወልሽለት?" ይሉኝ ነበር።

"እኔ ነኝ" አልኩት። "ለእትዬ ዘይነባ የተናገርኩት እኔ ነኝ። ጋሽ መኮንን አንድ ቃል አልወጣቸውም።"

ሰይድ አላየኝም። አንዲት ሴት በርበሬ ፈልጋ ገባች። መዘነላት፣ ሁለት ጊዜ ቋጠረላት፣ መልስ ሰጣት፣ በሩን ከፍቶ ሸኛት። እዚያው በሩ አጠገብ ጀርባውን ሰጥቶኝ ቆመ፤ ሞርስ ሮድ ላይ መኪናው ይተራመሳል። ይሰድበኛል፣ ውጪልኝ ይለኛል ብዬ ቦርሳዬን አነሳሁ።

ሽርጡን ፈትቶ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠና ከኪሱ የመኪና ቁልፉን አወጣ።

"የተቀበሩት የት ነው?" አለኝ።